ሼድ (የመሥሪያ ቦታ) አግኝተናል፣ ስሪ ፌዝ (ከባድ ማሽን የሚያንቀሳቅስ የመብራት መስመር) ግን የለንም፤ ምን እናድርግ?

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። የካ አባዶ ላይ በብረታ ብረት ሥራ የተደራጀን አምስት ልጆች ነን። ሁለት ዓመት ተመላልሰን ሼድ ሲሰጠን በደስታ አልቅሰናል። አሁን ያስቸገረን መብራቱ ነው። ማሽኑን በሊዝ (እየሠራንበት ቀስ በቀስ በምንከፍለው ኪራይ) ለመውሰድ 20 በመቶውን ቆጥበናል፤ ቀሪውን 80 አበዳሪው ይሸፍናል። ዋስትናው ማሽኑ ራሱ ነው። ቤት የማያስይዝ ብድር ለእኛ ዓይነቱ ትልቅ ነገር ነው። ግን ስሪ ፌዝ ሳይገባ ማሽን አይለቀቅም አሉን። ቆጣሪ ስንጠይቅ ደግሞ የሼዱን ውል አምጡ ተባልን። ውሉ ሳይፈረም ይኸው ሦስት ወር ሆነው። ቁጠባችንን ለቀለብ እንዳንነካው እየፈራን ነው። በእናታችሁ፣ በወረዳ የድጋፍ ደብዳቤ ብቻ ቆጣሪ ያስገባ አለ? ወይስ ክፍለ ከተማ ሄደን አቤት እንበል?