ጥቆማ፦ ለኢንጂነሪንግ የመጀመሪያ ዲግሪ ጎንደር፣ ባሕር ዳር፣ የግል ኮሌጅ ወይስ የሊበራል አርትስ ኮሌጅ?

ጥያቄ (አባት፣ ከአዘዞ)

ጤና ይስጥልኝ። ልጄ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና በጥሩ ውጤት አልፋለች፤ ኢንጂነሪንግ ለማጥናትም ወስናለች። በጎንደር ወይም በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ብትመደብ ደስ ይለናል። ከተማችን ውስጥ ያለ አንድ የግል ኮሌጅም ተማሪ እየመዘገበ ነው። አሜሪካ የምትኖረው እህቴ ደግሞ ስሚዝ ኮሌጅ ወደሚባል የሴቶች ኮሌጅ እንድታመለክት ትገፋፋታለች፤ እኔን ግን «የሊበራል አርትስ ኮሌጅ» የሚለው ስም አሳስቦኛል። ታሪክና ሥነ ጽሑፍ በሚበዛበት ቤት የሚሰጥ ኢንጂነሪንግ ሙሉ ኢንጂነሪንግ ነውን? በሙያው ያላችሁ እንድትመክሩኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

መልስ (ሲቪል መሐንዲስ፣ ጎንደር)

ጋሼ፣ እንኳን ደስ ያለዎት። እኔ የኢንጂነሪንግ ትምህርት ቤቶችን በስማቸውና በሕንፃቸው ማወዳደር ከተውኩ ቆይቻለሁ። የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ ተመራቂው ምን መሥራት እንዲችል እንደታሰበ በግልጽ ተጽፏል ወይ? ያ መሳካቱንስ ማን ይከታተላል፣ ሳይሳካ ሲቀር ምን ይለወጣል?

ይህን ያስተማረኝ የራሴ ታሪክ ነው። በተማርኩበት ተቋም የሰርቬይንግ ኮርስ ዓላማ ተማሪው ከፍታንና ርቀትን በመሣሪያ መለካት እንዲችል ነው ተብሎ በወረቀት ተሰጥቶን ነበር። መሣሪያው ግን አብዛኛውን ጊዜ መጋዘን ተቆልፎበት ይውል ስለነበር፣ በሴሚስተሩ ውስጥ በሌቭሉ (ከፍታ በሚለካው መሣሪያ) መነጽር ያየሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ለኮርሱ ግን ጥሩ ውጤት ተሰጠኝ። ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ሳምንት ፎርማኑ የሌቭሉን ሦስት እግሮች መሬት ላይ ተክሎ «መሐንዲስ፣ አንብቢልን» አለኝ። በክቡ መስታወት ውስጥ ያለችውን የአየር አረፋ መሃል ላይ ለማምጣት ብሎኖቹን ሳዞር፣ አንዱን ሳስተካክል በሌላው በኩል ስታመልጠኝ፣ ሠራተኞቹ ዝም ብለው ይጠብቁኝ ነበር። ዓላማው ተጽፎ ነበር፤ መድረሱን የጠየቀ ግን አልነበረም።

ወደ ጥያቄዎ ስመለስ፣ በአሜሪካ የሊበራል አርትስ ኮሌጆች ኢንጂነሪንግ ማስተማራቸው አዲስ ነገር አይደለም። ዩኒየን ኮሌጅ ሲቪል ኢንጂነሪንግን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1845 ነው። ላፋዬትና ስዋርዝሞርም የቆየ ፕሮግራም አላቸው። ስሚዝ በእ.ኤ.አ. 1999 የጀመረው ፕሮግራም በአሜሪካ የሴቶች ኮሌጆች ውስጥ የመጀመሪያው ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹን ተማሪዎች ያስመረቀው በ2004 ነው። እነዚህን ፕሮግራሞች ከውጭ ሆኖ የሚመዝን ኤቤት (ABET) የሚባል እውቅና ሰጪ ድርጅት አለ። ኤቤት የሚመዝነው ኮሌጁን በጅምላ ሳይሆን እያንዳንዱን ፕሮግራም ነው፤ የኮሌጁ ዝና ለኢንጂነሪንጉ ዋስ አይሆነውም ማለት ነው። ቢያንስ 30 ክሬዲት ሰዓት የሒሳብና የተፈጥሮ ሳይንስ፣ 45 ክሬዲት ሰዓት ደግሞ የኢንጂነሪንግ ትምህርት መኖሩን ይጠይቃል፤ ስለዚህ እውቅናው ያለው ፕሮግራም ታሪክና ፍልስፍና ስላስተማረ ብቻ ሒሳቡን አያሳንስም።

እኔን ከሁሉም በላይ የማረከኝ ዓላማውን በሁለት ደረጃ መክፈላቸው ነው። አንደኛው ተማሪዋ በምትመረቅበት ቀን ማሳየት ያለባት ችሎታ ነው፤ ዲዛይን መሥራት፣ ሙከራ አካሂዶ ውጤቱን መተንተን፣ ከቡድን ጋር መሥራት፣ ለተለያየ ሰው ማስረዳት፣ የሙያ ሥነ ምግባርን ማገናዘብ፣ ያልተማሩትን ራስን ችሎ መማር የመሳሰሉት። ሁለተኛው ከተመረቀች ከጥቂት ዓመታት በኋላ የት ትደርሳለች ተብሎ የሚጠበቀው ነው፤ እርሱም የቀድሞ ተማሪዎችንና ቀጣሪዎችን እያማከሩ በየጊዜው የሚከለስ ነው። መምህራኑ የተማሪዎችን ሥራ እየሰበሰቡ ይመዝናሉ፣ ከምዘናው ተነሥተው ኮርሱን ያሻሽላሉ፣ ይህንንም ራሳቸውን ገምግመው ጽፈው ያቀርባሉ፤ ከዚያ ገምጋሚዎች በአካል መጥተው ያያሉ። እውቅናው ቢበዛ ለስድስት ዓመት ነው። ዓላማዎቹንም ለሕዝብ ማውጣት ግዴታቸው ስለሆነ ልጅዎ ዛሬውኑ ድረ ገጻቸውን ከፍታ ልታነባቸው ትችላለች።

ሰፋ ያለ ትምህርት ለመሐንዲስ ምን ይጠቅማል ለሚለው የአንገረብን ግድብ ማየት ይበቃል። ለከተማችን ውኃ የሚያጠራቅመው ግድብ ከላይኛው ተፋሰስ ተጠርጎ በሚመጣ ደለል እየሞላ ያስቸገረን፣ የግድቡን ግንብ የሚያሰላ ሰው ስለጠፋ አይደለም። ከላይ ያለው ገበሬ ተዳፋቱን ለምን እንደሚያርሰው፣ ከብቱን የት እንደሚያሰማራ፣ እርከን ሥራ ቢባል ምን እንደሚያገኝና ምን እንደሚያጣ የሚረዳ መሐንዲስ ያስፈልጋል። እኛም ይህን አልዘነጋነውም፤ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሎጂክ፣ ሥነ ልቦና፣ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና አንትሮፖሎጂ ይማራል። ልዩነቱ እኛ ዘንድ ኮርሶቹ በመጀመሪያው ዓመት አልቀው ከዚያ በኋላ የሚያነሣቸው አለመኖሩ ነው፤ እነርሱ ጋር እስከ መመረቂያው ፕሮጀክት ድረስ አብረው ይዘልቃሉ።

ጥቆማዬ እንግዲህ ይህ ነው። ልጅዎ ወጪዋን የሚሸፍን ድጋፍ ካገኘች ስሚዝ ትሂድ፤ ነገር ግን የምትመዘገብበት ዲግሪ እውቅና ያለው መሆኑን ታረጋግጥ። ስሚዝ ውስጥ እውቅና ያለው ባችለር ኦፍ ሳይንሱ ነው፤ በኢንጂነሪንግ የሚሰጠው ባችለር ኦፍ አርትስ የለውም። በአንዳንድ የሊበራል አርትስ ኮሌጆች ደግሞ ሦስት ዓመት እዚያ፣ ሁለት ዓመት ሌላ የኢንጂነሪንግ ትምህርት ቤት የሚማሩበት መንገድ አለ፤ እውቅናው የሁለተኛው ቤት ስለሆነ የዝውውሩን መስፈርት አስቀድማ ትጠይቅ።

ድጋፉ ካልተገኘ ከሁለቱ የመንግሥት ተቋማት በየትኛውም አትከስርም። ወደ ውኃ ወይም ወደ ሲቪል የምታዘነብል ከሆነ ባሕር ዳርን አስቀድማለሁ። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ትብብር በፖሊቴክኒክነት የተጀመረ ቤት ነው፤ ጣናም በእጁ ነው። የሕክምና መሣሪያዎች ኢንጂነሪንግ ከፈለገች ግን ጎንደርን እመርጣለሁ፤ ዩኒቨርሲቲው በ1947 ዓ.ም. ከጤና ትምህርት የተነሣ በመሆኑ ማስተማሪያ ሆስፒታሉ አጠገቧ ነው፤ የተበላሸ መሣሪያ ለማየትም ከተማ አትለቅም። የግል ኮሌጁን በተመለከተ፣ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ያገኘው ፈቃድ ለዚያው ፕሮግራምና ለዚያው ካምፓስ መሆኑን ሳያዩ ክፍያ አይክፈሉ።

መልስ (የዩኒቨርሲቲ መምህር)

እህታችን የጻፈችውን እየደገፍኩ ስለ ክትትሉ ጥቂት ልጨምር። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂዎቻችን የመውጫ ፈተና ይወስዳሉ፤ ማለፊያውም ከመቶ 50 ነው። እኔ ፈተናውን እደግፈዋለሁ፤ ከውጭ የሚመጣ አንድ ሚዛን ያስፈልገን ነበርና። ይሁን እንጂ በምርጫ ጥያቄ የሚሰጥ ፈተና ተማሪዋ ሌቭል መትከል መቻሏን ሊነግረን አይችልም። ያ የሚታየው በላብራቶሪ፣ በኢንተርንሺፕና በመመረቂያ ፕሮጀክት ነው። ስለዚህ ትምህርት ክፍሉን ስትጎበኙ የማለፍ ምጣኔውን ብቻ አትጠይቁ። ኢንተርንሺፕ ላይ ያለን ተማሪ መምህሩ ሥራ ቦታው ድረስ ሄዶ ያየዋል ወይ? ቀጣሪው የሰጠው አስተያየትስ ከፋይል አልፎ ካሪኩለሙ ሲከለስ ጠረጴዛ ላይ ይቀርባል ወይ? እነዚህን ጠይቁ።

ጥያቄ (አባት፣ ከአዘዞ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ብዙ ተማርኩ። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ከውጭ የመጣ ዲግሪ እዚህ ሥራ ለመቀጠር አያስቸግርም ወይ? ጎንደር ብትመደብስ ከመጀመሪያው ቀን ትምህርት ክፍሏን ትመርጣለች?

መልስ (ሲቪል መሐንዲስ፣ ጎንደር)

የውጭ ዲግሪ የአቻ ግምት የሚሰጠው ያው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ስለዚህ ትራንስክሪፕቷን ብቻ ሳይሆን የየኮርሱን ዝርዝር መግለጫም በየሴሚስተሩ እያስቀመጠች ትምጣ፤ ከዓመታት በኋላ መልሶ መሰብሰብ በጣም ያደክማል። እዚህ ከተመደበች ትምህርት ክፍል የሚለየው የመጀመሪያ ዓመት ትምህርቷን ከወሰደች በኋላ በፍላጎትና በውጤት ስለሆነ፣ «የጋራ ኮርስ ነው» ብላ የመጀመሪያውን ዓመት እንዳታቃልለው አደራ። ጋሼ፣ ፈቃድዎ ከሆነ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ሳይታችን ይዘዋት ይምጡ፤ ሌቭሉን አውጥቼ አረፋዋን ራሷ መሃል እስክታመጣት እጠብቃታለሁ።