የኬንያ የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ተገደለ ወይስ በራሱ ሞተ?

አወያይ፦ ኬንያ ዲሴምበር 12 ቀን 1963 ነጻ ስትወጣ የያዘችው ሕገ መንግሥት በለንደን የላንካስተር ሐውስ ድርድሮች የተዘጋጀ ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከናይሮቢ ሌላ 7 ክልሎች የየራሳቸው ምክር ቤት ተሰጣቸው፤ 41 መቀመጫ ያለው ሴኔትም ተቋቋመ። ሥርዓቱን በስዋሂሊ «ማጂምቦ» ይሉታል፤ ክልሎች ማለት ነው። በዓመቱ አገሪቱ ሪፐብሊክ ስትሆን ክልሎቹ ባዶ ቀሩ፤ በ1966 ሴኔቱም ጠፋ። የአገሪቱ የመጀመሪያ መሪ ጆሞ ኬንያታ ይህን ማፍረሳቸው ትክክል ነበር ትላላችሁ?

የናይሮቢው፦ ያለ ጥርጥር! ማጂምቦን የፈለገው ማን ነበር? በካዱ ፓርቲ የተሰባሰቡ የአናሳ ብሔረሰቦች መሪዎች፣ ከኋላቸውም መሬታቸው ያሳሰባቸው ነጭ ሰፋሪዎች። የኬንያታ ፓርቲ ካኑ የተቀበለው ነጻነቱ እንዳይዘገይ ብሎ ነው። በሜይ 1963 ምርጫ ደግሞ ሕዝቡ ካኑን መረጠ። ነጻነት በታወጀበት ወር በሰሜን ምሥራቅ የመገንጠል ጦርነት ተነሥቶ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ወጣ። በዚህ መካከል ሰባት ምክር ቤት ማስታመም ቅንጦት ነው።

የሕግ ሰው፦ ወንድሜ፣ ምርጫ ያሸነፈ ሁሉ የፈረመውን ቃል ኪዳን መቅደድ ከቻለ መጀመሪያውኑ ለምን ይፈረማል? የክልሎቹን ሥልጣን ለመንካት እኮ የሴኔቱ 90 በመቶ ድምፅ ያስፈልግ ነበር። ከዚህ የጠበቀ አጥር የት ይገኛል?

ተጠራጣሪው፦ አጥሩማ ጠባቂዎቹ ራሳቸው ከፈቱት። በኖቬምበር 1964 የካዱ መሪ ሮናልድ ንጋላ ፓርቲያቸውን አፍርሰው ከነአባሎቻቸው ወደ ካኑ ገቡ። ከእነርሱ አንዱ ዳንኤል አራፕ ሞይ ወዲያው የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር፣ በ1967 ደግሞ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኑ። እኔ ግን በሰዎቹ ብቻ አልፈርድም። ክልሎቹ ሥልጣን ነበራቸው፤ ካዝና ግን አልነበራቸውም። ዋናውን ግብር የሚሰበስበው ናይሮቢ ነው፤ ናይሮቢ ደግሞ ሠራተኛውንም ገንዘቡንም ሳያስረክብ ያጓትት ነበር። ለመራጩ መንገድና ትምህርት ቤት የሚያመጣለት ተቃዋሚነት ካልሆነ እንደራሴው ምን ያድርግ? 90 በመቶው በረሀብ ተሸነፈ።

የሕግ ሰው፦ በዚህ እስማማለሁ። ግን ከዚያ በኋላ የሆነውን እዩት። በ1964 ከተቃዋሚ ወደ ካኑ የተሻገረ እንደራሴ መቀመጫውን እንደያዘ ቀጠለ፤ ማንም ወደ መራጭህ ተመለስ አላለውም። በ1966 ምክትል ፕሬዚዳንቱ ኦጊንጋ ኦዲንጋ ከካኑ ወጥተው ሌላ ፓርቲ ሲመሠርቱ ግን ፓርቲ የቀየረ ሁሉ እንደገና ይመረጥ የሚል ማሻሻያ በጥድፊያ ወጣ። መግባት ነጻ፣ መውጣት በቀረጥ! በዚያው ዓመት ያለ ፍርድ ማሰር ተፈቀደ፣ በ1969 የኦዲንጋ ፓርቲ ታገደ፣ በ1982 ካኑ በሕግ ብቸኛ ፓርቲ ሆነ። የናይሮቢው ወዳጄ «ቅንጦት» ያሉት ነገር ይህን ሁሉ የሚያዘገይ እንቅፋት ነበር።

የናይሮቢው፦ እርስዎ እንቅፋት ይበሉት። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ማጂምቦን እንደገና ያነሡት የካኑ ፖለቲከኞች ምን ማለታቸው ነበር? በስምጥ ሸለቆ «መጤ» የተባለ ሰው ቤቱ ተቃጠለ፣ ተፈናቀለ። ቃሉን በሰማሁ ቁጥር የሚታየኝ ያ ጭስ ነው።

ተጠራጣሪው፦ ጭሱ እውነት ነው። ግን ያኔ ፕሬዚዳንት ሆነው ሥልጣን ላይ የነበሩት እኚያው ሞይ ናቸው፤ የማዕከሉን ጉልበት ሁሉ እንደያዙ። ክልል ያልነበረው አገር ነው የነደደው። እንዲያውም የ2010ሩ ሕገ መንግሥት ሴኔቱን መለሰ፣ 47 ካውንቲዎች የሚባሉ የአካባቢ አስተዳደሮች አቋቋመ፣ ከብሔራዊ ገቢውም ቢያንስ 15 በመቶ ለእነርሱ እንዲደርስ ቁጥሩን በጽሑፉ አስገባ። በ1963 የጎደለው ይህ ነበር።

የናይሮቢው፦ እሱን አልቃወምም፤ ግን ማጂምቦ ተመለሰ አትበሉኝ። በሰባቱ ክልሎች ፋንታ አገሪቱ ለ47 ተከፋፍላለች። ብቻውን ማዕከሉን የሚገዳደር ትልቅ ክልል የለም። ኬንያታ የፈሩት እንደዚያ ያለውን ነበር።

የሕግ ሰው፦ ታዲያ በ1964 ክልሎቹን ማሳነስ ሲቻል ለምን ፈጽሞ ማጥፋት አስፈለገ? ይህን እስካሁን አልመለሱልኝም።