ፍሬሽማኖች ሊገቡ ነው፤ መጠጡን እንዴት እንቀንስ?

ጥያቄ፦ ሰላም ቤተሰብ። የተማሪዎች ኅብረት ውስጥ ነኝ። ዓርብ ማታ ከግቢው በር ፊት ለፊት ያሉት አረቄ ቤቶች ጢም ይላሉ። አምና ስለ መጠጥ ጉዳት ሴሚናር ጠራን፤ አዳራሹ የሞላው ለውሃውና ለብስኩቱ ነው። ዘንድሮ በትክክል የሚሠራ ነገር ካለ ንገሩኝ።

የክሊኒክ ነርስ፦ ሴሚናሩን ተወው። መጠጥ እንደሚጎዳ የማያውቅ ተማሪ የለም። የተሻለ ውጤት ያሳየው ለብቻ የሚደረግ አጭር ውይይት ነው። አሜሪካ ውስጥ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ያዘጋጁት ቤዚክስ የሚባል አሠራር አለ፤ ሁለት ቀጠሮ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ልጁ ምን ያህል እንደሚጠጣ ይናገራል። በሁለተኛው የእሱ መጠን ከሌሎች ተማሪዎች ጋር ተነጻጽሮ ይቀርብለታል። ስብከት የለም። ብዙ የሚጠጣ ልጅ ሁሉም እንደሱ የሚጠጣ ይመስለዋል፤ ቁጥሩን ሲያይ ይደነግጣል። ለመለየት የዓለም ጤና ድርጅት ኦዲት የሚለው 10 ጥያቄ ያለው መጠይቅ ይበቃችኋል። በድምሩ 8 ነጥብና ከዚያ በላይ ያመጣውን አነጋግሩት። ወረቀቱ ዲስፕሊን ኮሚቴ እጅ ከገባ ግን አለቀ፤ ማንም እውነቱን አይነግራችሁም።

የቀድሞ ተማሪ፦ ወንድሜ፣ ጨብሲውን ረሳኸው እኮ! ቀን ለፈተና ተብሎ ጫት ይቃማል። ማታ ምርቃናው አላስተኛ ሲል ለመስበር ድራፍት፣ ብር ከሌለ አረቄ። የመረቀነ ልጅ ስካሩ ቶሎ አይታወቀውም፤ ዝም ብሎ ይደጋግማል። ጫቱን ትታችሁ መጠጡን ብቻ ብታወሩ ግማሽ ሥራ ነው። ሌላው፣ ፍሬሹን መጀመሪያ አረቄ ቤት የሚወስደው ሲኒየሩ ነው። ከመግቢያው ሳምንት በፊት የዶርም ሲኒየሮችን ያዙ። ዓርብ ማታ ኳስ ወይም ፊልም ይኑር፤ የሚሄድበት ያጣ ልጅ ነው እዚያ የሚያመሸው።

ሕግ ተማሪ፦ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥ ይከለክላል። አብዛኛው ፍሬሽ 21 አልሞላውም። ግን ፖሊስ ይዛችሁ አትሂዱ። አረቄ ሻጯ ሴትዮ ልጆቿን የምታሳድገው በዚያ ነው። መጀመሪያ ቁጭ ብላችሁ አነጋግሯት፤ እምቢ ካለች ያኔ ይታያል።

ፕሮክተር፦ ሰክሮ የወደቀውንስ? እኛ ጋ ቡና ያጠጡታል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈሱበታል። ሁለቱም ስካሩን አያበርዱም። በጎኑ አስተኙት፣ ብቻውን አትተዉት። ቢጠሩት ካልነቃ ወይም አተነፋፈሱ ከዘገየ ወዲያው ወደ ሕክምና። ብዙዎቹ ጓደኛቸው እንዳይቀጣ ፈርተው ዶርም ይደብቁታል።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። እርዳታ የጠራ ተማሪ እንዳይቀጣ ዲኑን ልጠይቅ ነው።

የክሊኒክ ነርስ፦ በጽሑፍ ይሁን፣ ዶርም በር ላይም ይለጠፍ። በቃል የተባለውን ጥበቃዎቹ አያውቁትም።