የባቲ ዶቃ፦ ጥቁሩ እውነት ጥቁር ነው? ቀዩስ የትኛው ቀይ?

ሸዋበር
ሰላም ወገኖች። ከባቲ የሰኞ ገበያ የመጣ አንድ ክር የድሮ ዶቃ ደሴ ላይ ለሽያጭ ልመዘግብ ነው። ሻጩ «የቬኒስ ነው» ይላል። ላያቸው ቀይ፣ መሃላቸው ነጭ የሆኑት አሉ፤ ግን ቀያቸው አንድ አይደለም፣ አንዱ ወደ ሮዝ ሌላው ወደ ብርቱካን ያደላል። ጥቁሮቹ ፀሐይ ላይ ጠርዛቸው ወይን ጠጅ ይመስላል። አረንጓዴ ያዘሉት ቢጫዎች ደግሞ በብር ኖት መመርመሪያ መብራት ያበራሉ። በፎቶ ሁሉም ይቀየርብኛል። ቀለማቸውን ምን ብዬ ልጻፍ?

የወርቅ ሚዛን
እህቴ፣ ሳታጥቢ የቀለም ስም አትስጪ። አንገት ላይ የኖረ ዶቃ ቅቤና ላብ ይዟል፤ ነጩን ክሬም፣ ሰማያዊውን አረንጓዴ የሚያስመስለው እሱ ነው። መጀመሪያ የክሩን ቅደም ተከተል ፎቶ አንሺና ፍቺው። ለብ ያለ ውሃ፣ ትንሽ የገላ ሳሙና፣ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይበቃል። ቀዳዳውን በጥጥ ክር እያመላለስሽ ጥረጊ። ሎሚና ኮምጣጤ አታስነኪው፤ ያረጀ መስታወት ላዩ ስለሚላላ አሲድ ይበላዋል። የፈላ ውሃም አይሆንም፣ ድርብርቡ እኩል ስለማይሰፋ ይሰነጠቃል። የልብስ ሳሙና ዱቄት ደግሞ ማንጫው ቀዳዳ ውስጥ ይቀርና በዚያ መብራትሽ ሰማያዊ እያበራ ያሳስትሻል። አዲስ የጥጥ ክርም እንደዚያው ነው።

ከዚያ መስኮት ዳር፣ ቀጥታ ፀሐይ ሳያርፍበት፣ ነጭ ወረቀት ላይ አድርገሽ ደረቁንም እርጥቡንም እዪ። የተፋተገ ዶቃ ሲደርቅ ይነጣል፤ ውሃ ጭረቱን ሲሞላው ዋናው ቀለም ይወጣል። ጥቁሩን የሞባይል መብራት (ባትሪ) ላይ ለጥፈሽ ጨለማ ውስጥ ተመልከቺ። ወይን ጠጅ ከወጣ ማንጋኒዝ የተባለው ማዕድን የበዛበት ነው፣ የጠርሙስ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ከሆነ ብረት አለበት። «ጥቁር» የሚባለው የድሮ ዶቃ አብዛኛው እንዲህ ነው። መዝገቡ ላይ «ጥቁር፣ በብርሃን ወይን ጠጅ» ብለሽ ሁለቱንም አስፍሪ።

ኮምቦልቻ 05
ዋናው ጣጣ ቀዩ ላይ ነው። ሦስት ዓይነት ቀይ ለይተሽ ያዢ።

እንደ ሸክላ ያለ፣ ብርሃን የማያሳልፍ ቀይ ከመዳብ የሚገኝ ነው። መሃሉ ጥቁር ይመስላል፣ በባትሪ ግን ጥርት ያለ አረንጓዴ ይሆናል። ይህ ዓይነቱ ነጭ መሃል ካላቸው ይቀድማል፤ እነሱ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጡ ናቸው። ነጭ መሃል ያላቸው ላይ ያለው ቀይ ብርሃን ያሳልፋል። ነጩ የገባውም ለዚሁ ነው፤ ብርሃኑን እየመለሰ ስስ የሆነውን ቀይ ያደምቀዋል፣ ውዱ ቀይ መስታወትም ይቆጠባል። ወደ ሮዝ የሚያደላው በወርቅ የቀላ ነው። ወደ ብርቱካን የሚያደላው ብዙውን ጊዜ ሴሌኒየም በተባለ ንጥረ ነገር የቀላ ነው፣ እሱም ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወዲህ የመጣ።

ሰው የሚሳሳተው ላይ ላዩን አይቶ ሲፈርድ ነው። መሃሉ ነጭ ሳይሆን ወደ ቢጫ ያዘነበለ ከሆነ፣ የወርቁም ቀይ ብርቱካን ይመስላል። ስለዚህ አሥር ጊዜ በሚያጎላ መነጽር የቀዳዳውን አፍ እዪ። ቀዩ ተፍቆ የሳሳበት ወይም የተሸረፈበት ቦታ አይጠፋም፤ ሮዝ ወይስ ብርቱካን እንደሆነ እዚያ ላይ ይለያል። ነገሩ ውድ ከሆነና ገዢው ማስረጃ ከጠየቀ በኤክስሬይ የሚሠራ የንጥረ ነገር መለኪያ ሴሌኒየሙን ያሳያል፤ ለአንድ ክር ግን አይመከርም፣ ወጪው ከዶቃው ይበልጣል።

ሐይቅ ዳር
ቢጫዎቹ ዩራኒየም አለባቸው፣ ስለዚህ የቬኒስ ሳይሆኑ የቦሂሚያ (የዛሬዋ ቼክ) ናቸው።

ኮምቦልቻ 05
ወንድሜ፣ ግማሹ ልክ ነው። ደማቅ አረንጓዴ ብርሃን ከሰጠ ዩራኒየም ነው፣ ያም ዶቃው እ.ኤ.አ. ከ1830ዎቹ የማይቀድም መሆኑን ይጠቁማል። ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ከሆነ ግን ማንጋኒዝም ያደርገዋል። የተሠራበትን ቦታ ቀለም አይነግርህም፤ ቬኒስም ቦሂሚያም ተመሳሳይ ማዕድን ሲጠቀሙ ኖረዋል። አሠራሩን ተመልከት። የአየር አረፋዎቹ ከቀዳዳው ጋር ትይዩ ሆነው ከረዘሙ፣ ከተሳበ የመስታወት ቱቦ የተቆረጠ ነው፤ ነጭ መሃል ያለው ቀይም ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው የሚሠራው። አረፋው ክብ ሆኖ መስመሩ ቀዳዳውን ከዞረ በብረት ዘንግ ላይ የተጠቀለለ ነው። ወገቡ ላይ የስፌት መስመር ካለ በቅርጽ የተጫነ ነው፣ ያኔ ቦሂሚያን መጠርጠር ያስኬዳል። እህታችን፣ ዩራኒየም ያለበትን መልበስ አያሰጋም፤ ብቻ አይፈጭ፣ ቀዳዳውም በመሰርሰሪያ አይስፋ።

የወርቅ ሚዛን
ስለ ፎቶው ረስተነዋል። ፍላሹን አጥፊ፤ የቤት አምፖልና የመስኮት ብርሃን አታደባልቂ፣ ካሜራው ግራ የሚጋባው በእሱ ነው። ነጭ ወረቀቱ ፎቶው ውስጥ ይግባ፤ ስልክሽ የነጭ ማስተካከያ ካለው ወረቀቱ ላይ ቆልፊው። ቀይ ፎቶ ላይ ቶሎ ከልክ በላይ ስለሚደምቅ ብርሃኑን በአንድ ደረጃ ቀንሺ። ለእያንዳንዱ ዓይነት ሦስት ፎቶ በቂ ነው፤ ከላይ፣ ከኋላው ባትሪ በርቶ፣ እና የቀዳዳው አፍ በቅርበት።

ሸዋበር
አመሰግናለሁ። «የቬኒስ» የሚለውን ከመዝገቡ አውጥቼ «ከቱቦ የተቆረጠ፣ ቀይ በነጭ ላይ» ብዬ እጽፋለሁ። ሮዝና ብርቱካኑን ለየብቻ ክር ላይ አስገባለሁ።