«ጃዝ ሲገባ አደገች» አሉን እኮ!

ባለክራሩ፦ ቅዳሜ ማታ ጣና ዳር ካፌ ውስጥ የሸክላ ማዳመጫ ምሽት ነበር። የካናዳዊቷን ዘፋኝ የጆኒ ሚቸልን «ፎር ዘ ሮዝስ» አልበም ከፈቱልን፣ በፈረንጆች አቆጣጠር የ1972ቱን። እስከዚህ ጥሩ። ከዚያ አስተዋዋቂው ማይክ ይዞ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ይሄ የመሸጋገሪያ አልበም ነው። ፎልክ (የሕዝብ ዘፈን) ላይ ልጅ ነበረች፣ ጃዝ ሲገባ አደገች።» እስካሁን አልተዋጠልኝም። ክራር ይዞ የሚዘፍን ሁሉ ገና ያላደገ ነው? ያውም ባህር ዳር ላይ ተቀምጦ!

ሳክስ፦ ምኑ ነው የሚያናድደው? ልጁ ልክ ነው። በ1971 «ብሉ» አልበሟ ላይ ዋናው ነገር ጊታር፣ ፒያኖና ዱልሲመር (ጭን ላይ ተጋድሞ የሚመታ ባለክር መሣሪያ) ነበር። እዚህ «ፎር ዘ ሮዝስ» ላይ ሳክስፎን ተጫዋቹ ቶም ስኮት የትንፋሽ መሣሪያዎቹን ይዞ ገባ። በ1974 «ኮርት ኤንድ ስፓርክ» ላይ የእሱን ባንድ አሰልፋ አሜሪካ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ደረሰች። ይሄ እድገት ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

ባለክራሩ፦ ገበያ ይባላላ።

የጊዮርጊሷ፦ ቆይ፣ አልበሙን ሰምታችኋል ወይስ አስተዋዋቂውን ብቻ? ስለ እናትና አባቷ የዘፈነችውን አስታውሱ። ፒያኖዋን ይዛ ወሬዋን ትጀምራለች። መሃል ላይ ሳክስፎኑ ተደራርቦ ይመጣል፣ አንድ ሰው የነፋው አይመስልም። ከዚያ ጥሏት ይወጣል። እሷ ምንም እንዳልተፈጠረ ወሬዋን ትቀጥላለች። እዚህ ውስጥ ማን ነው ማንን ያሳደገው?

ሳክስ፦ እታለም፣ አንድ ዘፈን ይዘሽ አትሟገቺ።

ባለክራሩ፦ አንዱን ዘፈን መመለስ አቃተህ እንዴ? እኔ ልጨምርልህ። ልጅ ሆና ፖሊዮ ይዟት ግራ እጇ ደክሟል። ጊታሩን እንደሚመቻት እያደረገች ትቃኘዋለች፣ ለየዘፈኑ ሌላ ቅኝት። ይሄን እኛ ከማንም በላይ እናውቀዋለን! ክራር መቺ ከትዝታ ወደ አንቺሆዬ ሲሄድ አውታሩን እንደገና መቃኘት አለበት። እናንተ ጃዝ የምትሉት ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ከዚያ ቅኝት ነው የወጣው። ቶም ስኮት ከመምጣቱ በፊት ኮርዱ እሷ ቤት ነበር።

ሳክስ፦ እሰይ! ኮርዱ ድሮም ጃዝ ነበር አልክ። ተስማማን ማለት ነው፣ ወንድምዓለም።

ባለክራሩ፦ ማን ተስማማ? ድሮም ከነበራት አላደገችም ነው የምልህ!

ሸክላ ሰብሳቢ፦ ልጆች፣ በዚያው በ1972 ሙላቱ አስታጥቄም «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ»ን ኒው ዮርክ ላይ አስቀድቷል። የእኛን ቅኝት ከጃዝ ጋር አጋብቶ። አምባሰልና ባቲ ልጅ ነበሩ፣ የሙላቱ ቫይብራፎን ሲገባ አደጉ ሲባል አልሰማሁም።

ሳክስ፦ ኧረ ይባላል ጋሼ! እርስዎ ከሸክላዎ ጋር ስለሚውሉ ነው።

የጊዮርጊሷ፦ ሳክስ፣ ለጋሼ እንዲህ አይመለስም።

ሳክስ፦ ጋሼን አከብራለሁ። ግን «መሸጋገሪያ» መቼ ስድብ ሆነ? አዲሱን የአባይ ድልድይ እንኳ ሰው ቆሞ ፎቶ ይነሳበታል።

የጊዮርጊሷ፦ ድልድዩን የሠራው ሰው ማዶው የት እንዳለ ያውቃል። በ1972 ማዶው የት ነበር? «ሂጂራ»ን ከጃዝ ባስ ጊታሪስቱ ከጃኮ ፓስቶሪየስ ጋር የሠራችው በ1976 ነው። የጃዝ አልበሟ «ሚንገስ» በ1979 ወጣ። እናንተ ከመጨረሻው ተነስታችሁ ነው ወደ ኋላ የምታነቡት። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ይሄን አልበም በ2007 ተጠብቀው ከሚቀመጡት ቅጂዎች መዝገብ አስገብቶታል። ለድልድይነቱ ይመስልሃል?

ባጃጅ፦ እኔ ውጭ ደንበኛ እየጠበቅኩ በነፃ ስሰማ ነበር። አንድ ጥያቄ አለኝ። አዝማሪ ቤት መሰንቆ ላይ ሳክስፎን ቢጨመር የቢራው ዋጋ ይጨምራል ወይስ አይጨምርም? ከጨመረ አድጓል።

ባለክራሩ፦ አየህ ሳክስ? ሐሳብህን ሰው ሲያስረዳልህ እንዲህ ነው የሚያምረው።

ሳክስ፦ የሚያሾፍብኝ ሰው ጠበቃዬ አይደለም።

ባጃጅ፦ አሁን ናቃችሁኝ። ዝናብ ሲመጣ ግን «ወንድሜ፣ ወንድሜ» ነው።

የጊዮርጊሷ፦ ደግሞ ልብ በሉ፣ ሁለተኛው ገጽ ሳያልቅ መብራት ሄዷል። መዝጊያው ላይ ቤትሆቨንን የምታነጋግርበት ዘፈን አለ። ማናችሁም አልሰማችሁትም። ጎደሎ ሸክላ ሰምታችሁ ነው ስለ ማደግ የምትፈርዱት።

ሳክስ፦ እኔ ቤቴ ሰምቼዋለሁ።

ባለክራሩ፦ በስልክ?

ሳክስ፦ በስልክ፣ በጆሮ ማዳመጫ። ምን ችግር አለው?

ባለክራሩ፦ ምንም። አሁን ገባኝ።

ሳክስ፦ ምኑ ነው የገባህ? ይልቅ ቅዳሜ ክራርህን ይዘህ ናና አንዱን ዘፈን ተጫወተው። እናያለን።

ባለክራሩ፦ እመጣለሁ። ያ ሰውዬ ማይክ ከያዘ ግን ተነስቼ ነው የምወጣው።

ሸክላ ሰብሳቢ፦ ሸክላውን ያዋስኩት እኔ ነኝ። ሲመለስልኝ አንደኛው ገጽ ላይ ጭረት አለበት። ቅዳሜ ከመምጣታችሁ በፊት ማን እንደጫረው ይነገረኝ።

ባጃጅ፦ እኔ ውጭ ነበርኩ።