ስፒናሎንጋን ባዶ ያደረጋት ማን ነው?

ለክርክር የቀረበው ጥያቄ፦ በምሥራቅ ቀርጤስ ከኤሎውንዳ ፊት ለፊት የምትገኘው ትንሿ የስፒናሎንጋ ደሴት ዛሬ በጎብኚዎች ዘንድ የምትታወቀው እስከ 1957 በቆየው የሥጋ ደዌ ሕሙማን መንደሯ ነው። ከዚያ በፊት ግን የሙስሊሞች መንደር ነበረች፤ በ1881 ቆጠራ 1,112 ነዋሪዎች ነበሯት (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እነዚህ ሰዎች በፈቃዳቸው ለቀቁ ወይስ ተገፍተው ወጡ?

የመጀመሪያው ተከራካሪ፦ እኔ የማየው የአንድ ሥርዓት ማብቃትን ነው። የደሴቲቱን ምሽግ የሠሩት ቬኒሳውያን እስከ 1715 ድረስ ይዘውት ቆይተዋል፤ ሙስሊሞቹ የሰፈሩት ኦቶማኖች ከያዙት በኋላ ነው። በ1898 የኦቶማን ጦር ከቀርጤስ ሲወጣ የመንደሩ ከለላም አብሮ ወጣ። በቀርጤስ በሙሉ የሙስሊሞች ቁጥር በ1881 ከነበረበት 73,000 ገደማ በ1900 ወደ 33,000 ገደማ ወርዶ ነበርና፣ ራስ ገዙ የቀርጤስ መንግሥት በ1903 የሕሙማን መንደር ለማቋቋም ሲወስን ፍልሰቱ ከተጀመረ ቆይቷል። በሽታው በሚያስፈራበት በዚያ ዘመን ሕሙማንን ለይቶ ማስፈር በሌሎች አገሮችም የተለመደ ስለነበር፣ ከውሳኔው ጀርባ የግድ ሤራ መፈለግ አይገባንም።

ሁለተኛዋ ተከራካሪ፦ ወንድሜ፣ የጠቀሱት ቁጥር ለእርስዎ ሳይሆን ለእኔ ይመሰክራል። ከግማሽ በላይ የሚሆን ሕዝብ በሃያ ዓመት ውስጥ አገሩን የሚለቀው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1897 መጀመሪያ በዚያው በምሥራቁ ክፍል፣ በሲቲያ አካባቢ፣ በኦቶማን አገዛዝ ላይ የተነሡ ክርስቲያን ዐማፅያን በርካታ መቶ ሙስሊሞችን ገድለዋል። ይህን የሰማ የስፒናሎንጋ ነዋሪ በባሕር በተከበበ ምሽግ ውስጥ ቢቀር የሚያስደንቅ አይሆንም፤ የ1903ቱ ውሳኔ ደግሞ ያንኑ መሸሸጊያ ለሌላ አገልግሎት ሰጠው። ሕሙማኑ የገቡት ሙስሊሞቹ በኖሩባቸው ቤቶች ነው። ሤራ ነበር ማለቴ አይደለም፤ ሰው የሚኖርበትን መንደር ለሕሙማን ማግለያ የሚመርጥ መንግሥት ግን ነዋሪው እንደሚለቅ አያውቅም ነበር ለማለት እቸገራለሁ።

ሦስተኛው ተከራካሪ፦ እህቴ ሲቲያን ካነሱ ካንዲያም ሊነሳ ይገባል። በመስከረም 1898 በዛሬዋ ሄራቅሊዮን የተቆጡ ሙስሊሞች በመቶዎች የሚቆጠሩ ክርስቲያኖችንና 14 የእንግሊዝ ወታደሮችን ገድለዋል፤ የኦቶማን ጦር እንዲወጣ በቀርጤስ ጉዳይ ጣልቃ የገቡትን የአውሮፓ ኃያላን መንግሥታት ያስቆረጣቸውም ይኸው ነው።

ሁለተኛዋ ተከራካሪ፦ ይነሳ፤ ነገር ግን የካንዲያን ዕዳ የስፒናሎንጋ ዓሣ አጥማጅና ነጋዴ የሚከፍልበት ምክንያት አይታየኝም። እነዚህ ሰዎች በአብዛኛው የሰለሙ የቀርጤስ ተወላጆች ልጆች እንጂ ከአናቶልያ የመጡ ባዕዳን አልነበሩም፤ ቋንቋቸውም ግሪክኛ ነበር። ከቀርጤስ ተሰደው በሱልጣን አብዱልሐሚድ ዘመን ሶርያ ውስጥ በተመሠረተችው በአል ሐሚዲያ የሰፈሩት ወገኖቻቸው ልጆች ይህንኑ የቀርጤስ ግሪክኛ እስከ ቅርብ ጊዜ ይናገሩ ነበር። በ1923 በስዊዘርላንዷ ሎዛን በግሪክና በቱርክ መካከል የተፈረመው የሕዝብ ልውውጥ ስምምነትም መለያው ቋንቋ ሳይሆን ሃይማኖት ስለነበር በቀርጤስ የቀሩትን ሙስሊሞች ወደ ቱርክ ላከ፤ ከዚያ ወዲህ ቤቴ ብሎ የሚጠይቅ ሰው በደሴቲቱ አልነበረም።

የመጀመሪያው ተከራካሪ፦ በሎዛኑ እስማማለሁ፤ እሱ ግዴታ ነበር። የ1903ቱን ግን ከዚያ ጋር አንድ አላደርገውም። የነዋሪዎቹ የመውጫ ጊዜና የተከፈላቸው ዋጋ በሰነድ ሲቀርብልኝ ሐሳቤን አጤናለሁ።