ኮከብ ወይስ ኤም? የኔትወርክ ካርድ ድራይቨር ከከርነሉ ጋር ይሰፋ ወይስ ለብቻው ሞጁል ይሁን?

አወያይ፦
የዛሬው መከራከሪያ ይኸውና። አንድ የኮምፒውተር ማሰልጠኛ 40 ማሽኖች አሉት እንበል። በሁሉም ላይ ከምንጩ የተገነባ አንድ የሊኑክስ 6.12 ከርነል (የስርዓተ ክወናው እምብርት) ሊጫን ታስቧል። ካርዶቹ ሦስት ዓይነት ናቸው፦ የሪልቴክ አርቲኤል8111፣ የኢንቴል አይ219 እና ባለ 2.5 ጊጋቢቱ የኢንቴል አይ226። ድራይቨሮቻቸው (ካርዶቹን የሚያንቀሳቅሱት ፕሮግራሞች) በየተራ አር8169፣ ኢ1000ኢ እና አይጂሲ ናቸው። «ሜክ ሜኑኮንፊግ» (የከርነሉን ምርጫዎች የያዘውን ማውጫ) ከፍተን እነዚህ ሦስቱ ላይ ኮከብ እናድርግ ወይስ ኤም? ኮከቡ ድራይቨሩን ከከርነሉ ጋር ይሰፋዋል፤ ኤሙ ለብቻው ፋይል አድርጎ ሲያስፈልግ እንዲጫን ይተወዋል። ስድብ የለም። «እኔ ጋ ሠርቷል» ደግሞ ማስረጃ አይሆንም።

ባለ_ራክ፦
ኮከብ ነው፤ ምን ያከራክራል? ሃርድዌሩ ይታወቃል፣ ነገ አይለወጥም። ሞጁል የተፈጠረው ማሽኑን ለማያውቅ ሰው ነው፤ ማለትም ለዲስትሮ (ተዘጋጅቶ ለሚታደል ሊኑክስ) ሠሪ።

አካሄዱም አጭር ነው። በየማሽኑ «ኤልኤስፒሲአይ -ኤንኤንኬ» ብላችሁ የካርዱን መለያ ቁጥርና አሁን የያዘውን ድራይቨር ጻፉ። 8086 የሚጀምረው ኢንቴል፣ 10ኢሲ የሚጀምረው ሪልቴክ ነው፤ 10ኢሲ፡8168 ካያችሁ አር8169 ነው። ከዚያ ሜኑኮንፊግ ውስጥ «/» ተጭናችሁ ስሙን ፈልጉ፣ ቦታው ድረስ ያደርሳችኋል። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነገር አለ። «የሪልቴክ መሣሪያዎች» የሚለው ርዕስ ላይ ምልክት ማድረግ ድራይቨር አይገነባም፤ ከሥሩ ያሉትን ጥያቄዎች ብቻ ይከፍታል። ርዕሱን አብርቶ ልጁን ሳያበራ የወጣ ሰው ከርነሉ ቡት ይደረግለታል፣ «አይፒ ሊንክ» ሲል ግን ከሎ (ማሽኑ ራሱን ከሚያናግርበት በይነገጽ) በቀር ምንም አያይም።

ድራይቨሩ ከተሰፋ በኋላ ወደ ማሽኖቹ የምታዞሩት አንድ ፋይል ነው። ከርነሉ አዲስ፣ የሞጁሉ ማህደር አሮጌ ሆኖ «የሞጁሉ ቅርጽ ልክ አይደለም» የሚል ስህተት የለም። ኔትኮንሶልም አብሮ ከተሰፋ ማሽኑ ገና ዲስኩን ሳይነካ ሎጉን በሽቦ ይልክላችኋል። ሞጁል የሚባለውን ነገር ጭራሽ ከዘጋችሁት ደግሞ የሩት (የአስተዳዳሪ) ሥልጣን ያገኘ ሰርጎ ገብ እንኳ የራሱን ሞጁል መጫን አይችልም።

ሽቦ_አልባ፦
ባለ ራክ፣ ፈርምዌሩን (ካርዱ ራሱ ውስጥ የሚጫነውን ፕሮግራም) ረሳኸው። ከከርነሉ ጋር የተሰፋ ድራይቨር የሚነሳው ሩት ፋይል ሲስተሙ (ሁሉም ፋይሎች ያሉበት ዋናው ክፍል፣ በአጭሩ «ሩት») ገና ሳይገጠም ነው። በዚያ ሰዓት /ሊብ/ፈርምዌር የሚባል ነገር የለም። ከርነሉ ፋይሉን ይጠይቃል፣ ስህተት -2 ያገኛል፤ ትርጉሙም «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» ነው። በኋላ ዲስኩ ሲመጣ ድራይቨሩ ተመልሶ አይጠይቅም።

አይደልዋይፋይ (የኢንቴል ዋይፋይ ድራይቨር) ላይ ኮከብ አድርጋችሁ እዩት፤ «ተስማሚ ፈርምዌር አልተገኘም» ብሎ ዋይፋዩ ይሞታል። ያንኑ ድራይቨር ኤም ስታደርጉት ሩት ከተገጠመ በኋላ ስለሚጫን ያለምንም ችግር ይሠራል።

ባለ_ራክ፦
ስለ ዋይፋዩ ልክ ነህ፤ አይደልዋይፋይ ገና ካርዱን ሲያገኝ ነው ፈርምዌር የሚጠይቀው። አር8169 ግን እንደዚያ አይደለም። እሱ የሚጠይቀው በይነገጹ ሲከፈት፣ ማለትም «አይፒ ሊንክ ሴት አፕ» ሲባል ነው። በተለመደው አነሳስ ያ የሚሆነው ሩት ተገጥሞ ሲስተምዲ (አገልግሎቶችን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ከተነሳ በኋላ ስለሆነ ፋይሉ እዚያው ይጠብቀዋል። ባያገኘው እንኳ ሎግ ላይ ያጉረመርምና ሥራውን ይቀጥላል፤ ፈርምዌሩ ለፊ ቺፑ (ሽቦውን ለሚያናግረው ክፍል) ማስተካከያ ነው። ኢ1000ኢ እና አይጂሲ ደግሞ ከዲስክ የሚጠይቁት ፈርምዌር ጭራሽ የላቸውም። ስለዚህ ለተጠየቁት ሦስት ካርዶች ክርክርህ አይይዝም።

ዲስክ_አልባ፦
ሁለታችሁም ዲስክ አለ ብላችሁ ነው የምትከራከሩት። 40 ማሽን ያለው ማሰልጠኛ ብዙ ጊዜ ሩቱን ከሰርቨር በኤንኤፍኤስ (በኔትወርክ ፋይል መጋሪያ) ማምጣት ይፈልጋል። ያኔ ነገሩ ይገለበጣል።

ያለ ኢኒትራምኤፍኤስ (ከሩት በፊት ማህደረ ትውስታ ላይ የሚነሳ ትንሽ ፋይል ሲስተም) በኤንኤፍኤስ ለመነሳት አምስት ነገር ኮከብ መሆን አለበት፦ የካርዱ ድራይቨር፣ የከርነል ደረጃ አይፒ ማዋቀሪያ፣ በውስጡ ያለው ዲኤችሲፒ፣ ኤንኤፍኤስ ክላየንቱ ራሱ እና «ሩት በኤንኤፍኤስ» የሚለው። የመጨረሻው ኤንኤፍኤሱ ኤም ከሆነ በዝርዝሩ ላይ እንኳ አይታይም፤ «የት ሄደ?» እያሉ የሚፈልጉት ብዙ ናቸው። የማስነሻው መስመር «ሩት=/ዴቭ/ኤንኤፍኤስ ኤንኤፍኤስሩት=10.0.0.5፡/ኤስአርቪ/ላብ,ቨርስ=3 አይፒ=ዲኤችሲፒ» ዓይነት ነው። ቨርስ=3 የሚለውን በግልጽ ጻፉ፣ ለከርነሉ ግምት አትተዉት።

ካርዱ ኤም ከሆነስ? ሞጁሉ ያለው ሩቱ ላይ፣ ሩቱ ያለው ከካርዱ ባሻገር ነው። ቁልፉን ቤት ውስጥ ረስቶ በሩን እንደ መዝጋት ነው። ከርነሉ መሣሪያ ይመጣል ብሎ 12 ሰከንድ ይጠብቅና «የኔትወርክ መሣሪያ የለም» ብሎ፣ ቀጥሎ ሩት መግጠም አልቻልኩም ብሎ ፓኒክ ያደርጋል (ጨርሶ ይቆማል)።

ባለ ራክ ደግሞ ልብ በል፤ በዚህ አነሳስ በይነገጹ የሚከፈተው ከሩት በፊት ነው። አር8169 ፈርምዌሩን የሚጠይቀውም ያኔ ነው። ስለዚህ የሽቦ አልባ ስህተት -2 እዚህ ይመለሳል።

ሽቦ_አልባ፦
ይኸው! መድኃኒቱም ፈርምዌሩን «ተጨማሪ ፈርምዌር» በሚለው ቦታ አብሮ መስፋት ነው፤ ለምሳሌ «አርቲኤል_ኒክ/አርቲኤል8168ኤች-2.ኤፍደብሊው»። ትክክለኛውን ስም ከዲሜስግ (ከከርነሉ ሎግ) ውሰዱ፣ በቺፑ እትም ይለያያልና ከጎረቤት አትቅዱ። አንድ ወጥመድም አለ፦ የዛሬ ዲስትሮዎች ፈርምዌሩን በኤክስዜድ ወይም በዜድኤስቲዲ ጨምቀው ነው የሚያስቀምጡት። ግንባታው የሚፈልገው ያልተጨመቀውን ፋይል ስለሆነ «ይህን ፋይል የምሠራበት ደንብ የለኝም» ብሎ ይቆማል። ፋይሉን ፈትታችሁ ሌላ ማህደር ውስጥ አስቀምጡና የማህደሩን መንገድ እዚያው ከታች አመልክቱ።

ነጻ_ምንጭ፦
እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። «ተጨማሪ ፈርምዌር» የሚለው ላይ «?» ብትጫኑ የከርነሉ ማብራሪያ ራሱ ያስጠነቅቃችኋል፦ በጂፒኤል (በከርነሉ ፈቃድ) ያልተፈቀደ ፈርምዌር የተሰፋበትን ከርነል ለሌላ ማከፋፈል ፈቃዱን መጣስ ሊሆን ይችላል። በራሳችሁ ግቢ ውስጥ ብትጠቀሙበት የሚያስጠይቅ አይመስለኝም። ማሰልጠኛው ግን ያንን ከርነል በፍላሽ ለሰልጣኞች ሊያድል ካሰበ ጥያቄው ሌላ ነው። ሞጁልና የተለየ የፈርምዌር ፋይል ይህን ሁሉ ጭቅጭቅ ያስቀራል።

ባለ_ራክ፦
እህቴ፣ ዴቢያን የተባለው ዲስትሮ እንኳ በ2022 ድምፅ ሰጥቶ በ2023 በወጣው ዴቢያን 12 ፈርምዌሩን ኦፊሴላዊው መጫኛ ውስጥ አስገብቶታል። እኛ ከዴቢያን በላይ ጥብቅ ልንሆን ነው?

ነጻ_ምንጭ፦
ዴቢያን ለብቻው በተከፈለ ክፍል በተለየ ፋይል አስገባው እንጂ ከርነሉ ውስጥ አልሰፋውም። የምልህም እሱኑ ነው።

ተማሪ_64፦
ይቅርታ ላቋርጥ። ኢ1000ኢ ላይ ኮከብ ላድርግ ስል እምቢ ይላል። «ዋይ» ስጫን ተመልሶ ኤም ይሆናል። ዶት ኮንፊጉን (ምርጫዎቹ የሚቀመጡበትን ፋይል) በእጅ ባርመውም «ሜክ ኦልድዴፍኮንፊግ» መልሶ ኤም ያደርገዋል።

ዲስክ_አልባ፦
የፒቲፒ ሰዓት (በኔትወርክ ጊዜ ማመሳሰያ) ድጋፉ ኤም ሆኖብህ ነው። ኢ1000ኢ፣ አይጂቢ እና አይጂሲ በፒቲፒ ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው። የተንጠለጠሉበት ነገር ሞጁል ከሆነ እነሱ ከሞጁል በላይ ሊሆኑ አይችሉም፤ ከከርነሉ ጋር የተሰፋ ኮድ ገና ያልተጫነ ሞጁልን ሊጠራ አይችልማ። «/» ብለህ ፒቲፒ_1588 ፈልግና ኮከብ አድርገው (ወይም ጨርሶ አጥፋው)፤ ከዚያ ኢ1000ኢ ይታዘዝሃል። ዶት ኮንፊጉን በእጅ አትንካ። አር8169 ላይ ይህ አይገጥምህም፤ እሱ የሚፈልገውን የሪልቴክ ፊ ድራይቨር ራሱ ጎትቶ ወደ ላይ ያወጣል።

ሽቦ_አልባ፦
ጥሩ አነሳህ፤ ግን ያ የፊ ድራይቨር ኤምም ሲሆን ጣጣ አለው። እኔ ኤም ባይ ነኝና የራሴን ወገን ወጥመድ ልንገራችሁ። አር8169 ሞጁል ሆኖ ኢኒትራምኤፍኤስ ውስጥ በእጅ ከገባ፣ ሪልቴክ.ኬኦ አብሮት መግባት አለበት። በሁለቱ መካከል ያለው ግንኙነት ልል ጥገኝነት ስለሆነ በእጅ የተጻፈ የፋይል ዝርዝር ይዘለዋል። ያኔ ካርዱ አይነሳም፤ ዲሜስግም «ለፊው የተለየ ድራይቨር አልተገኘም፣ ምናልባት ሪልቴክ.ኬኦ ኢኒትራምኤፍኤስ ላይ መጨመር አለበት» ይላል። ይህን ያህል ግልጽ የስህተት መልእክት ከርነል ውስጥ ብርቅ ነው፤ አንብቡት እንጂ ካርዱን አትቀይሩ።

ይሁንና ለዲስክ አልባ መልሴ ይኸው ነው፦ ኢኒትራምኤፍኤስ ሥሩ፣ ሦስቱን ሞጁልና ፈርምዌሩን ክተቱበት፣ ኤም ሆኖም በኤንኤፍኤስ ይነሳል። የፈቃዱም ጣጣ ይቀንሳል። በተጨማሪ ካርዱ ሲደነዝዝ ሞጁሉን አውጥታችሁ መልሳችሁ መጫን ትችላላችሁ። ኮከብ ከሆነ ግን ሪስታርት ነው።

ባለ_ራክ፦
ሪስታርት አይደለም። የካርዱን አድራሻ፣ ለምሳሌ 0000፡03፡00.0ን፣ /ሲስ/ባስ/ፒሲአይ/ድራይቨርስ/አር8169 ሥር ባለው «አንባይንድ» ላይ ጻፍ፣ ከዚያ «ባይንድ» ላይ ጻፍ። ካርዱ እንደ አዲስ ይነሳል። በኤስኤስኤች ከሆንክ ሁለቱን ትእዛዝ በአንድ መስመር በሰሚኮለን አያይዛቸው፤ ያለበለዚያ የተቀመጥክበትን ቅርንጫፍ ትቆርጣለህ። ደግሞ ሩቱ በኤንኤፍኤስ ከሆነ ያንተ ሞጁል ማውጣትም ማሽኑን ነው የሚያንቀው።

ሽቦ_አልባ፦
እሺ፣ ይህቺን ተቀበልኩ። ድራይቨሩን ጨርሶ ማገድ ሲያስፈልግስ? በ2008 በ2.6.27 የሙከራ እትሞች ላይ የኢ1000ኢ ካርዶች ቋሚ ማህደረ ትውስታ ይበላሽ ነበር፤ ካርዱ ከዚያ በኋላ ሶፍትዌር ብትቀይርም አይነሳም። በኋላ ሲጣራ ጥፋቱ የድራይቨሩ ሳይሆን የኤፍትሬስ (የከርነሉ መከታተያ) ሆኖ ተገኘ፤ እስከዚያ ግን ሰው ድራይቨሩን ማገድ ነበረበት። ሞጁል ከሆነ «ሞጁል_ብላክሊስት» የሚል አንድ ቃል በማስነሻው መስመር ላይ ይበቃል። የሪልቴክን የራሱን አር8168 ድራይቨር መጠቀም የፈለገም ሰው አር8169 ኮከብ ከሆነ ካርዱን ቀድሞ ይዞ አይለቅለትም።

ባለ_ራክ፦
ለተሰፋውም «ኢኒትኮል_ብላክሊስት=አርቲኤል8169_ፒሲአይ_ድራይቨር_ኢኒት» አለ። አስቀያሚ ነው፣ ግን አለ።

ቢኤስዲ_ወዳጅ፦
በጎን ብቻ፦ ፍሪቢኤስዲ (ሌላ ነጻ ስርዓተ ክወና) ላይ ይህ ክርክር በአንድ የጽሑፍ ፋይል ያልቃል። ጄነሪክን (የተለመደውን የከርነል ምርጫ ፋይል) በሌላ ስም ትቀዳለህ፣ «ዲቫይስ ኤምአይአይባስ» እና «ዲቫይስ አርኢ» (የሪልቴኩ ድራይቨር) የሚሉትን ታቆያለህ፣ የማያስፈልጉህን ካርዶች ትደመስሳለህ። ኤምአይአይባስን ከደመሰስክ አርኢ አይሰፋም፤ እንደ እናንተ ሪልቴክ ፊ መሆኑ ነው። ለኢንቴሉ «ዲቫይስ ኢኤም» ደግሞ አይፍሊብ መኖሩን እዩ።

ነጻ_ምንጭ፦
ማንም ያላነሳው ነገር፦ «ሜክ ሎካልሞድኮንፊግ»። አሁን የተጫኑትን ሞጁሎች አይቶ የቀረውን ሁሉ ያጠፋል፤ ግንባታው በጣም ያጥራል። ግን ያየው ያንን አንድ ማሽን፣ ያኔ የተሰካውን ብቻ ነው። ሪልቴክ ባለው ማሽን ላይ ካስኬዳችሁት ኢንቴሎቹ ይጠፋሉ። ከሦስቱም ዓይነት ማሽን «ኤልኤስሞድ» ወደ ፋይል ጻፉ፣ ፋይሎቹን በካት አንድ አድርጉና ኤልኤስሞድ= ብላችሁ ስጡት።

ፋይሉን ከመጻፋችሁ በፊት ስልክ በዩኤስቢ ሰክታችሁ ቴተሪንግ አብሩ። እዚህ አገር ሽቦው ሲቋረጥ የሚያድነው የስልክ ዳታ ነው። ለአንድሮይዱ አርንዲስ_ሆስት ወይም ሲዲሲ_ኢተር፣ ለአይፎኑ አይፒኤችኢቲኤች ከሌለ አዲሱ ከርነል ስልኩን አያውቀውም። የከርነሉ ምንጭ ተጨምቆም ከ130 ሜጋባይት በላይ ነው፤ የጎደለውን ለማውረድ የሚያስፈልገው ራሱ የጎደለው ድራይቨር ሲሆን ነው ጉዱ። እነዚህ ኤም ይሁኑ፣ እዚህ ላይ ባለ ራክም የሚከራከረኝ አይመስለኝም።

ባለ_ራክ፦
አልከራከርም። የሚነቀል ነገር ኤም፣ ቦርዱ ላይ የተበየደ ኮከብ። ግን ሞጁል መጫንን ጨርሶ ዝጉ ያልኩትን ይህ ያፈርስብኛል፤ እሱን መልሼአለሁ። በምትኩ ፊርማ ይኑር፣ ያልተፈረመ ሞጁል እንዳይጫን አስገድዱ። ቁልፉ ሰርትስ በሚባለው ማህደር ውስጥ በግንባታው ጊዜ በራሱ ይፈጠራል። አስቀምጡት፤ ምንጩን አጽድታችሁ በአዲስ ቁልፍ የሠራችሁት ሞጁል በአሮጌው ከርነል ላይ ቁልፉ ተቀባይነት አላገኘም ተብሎ ይመለሳል።

ዲስክ_አልባ፦
ለአወያዩ ጥያቄ የእኔ ድምፅ፦ ሩቱ በኤንኤፍኤስ ከሆነ ሦስቱም ኮከብ፣ ፒቲፒም ኮከብ፣ የሪልቴኩ ፈርምዌር አብሮ ይሰፋ፣ ከርነሉም ከግቢ አይውጣ። ሩቱ ዲስክ ላይ ከሆነ ሞጁሉም እዚያው ዲስኩ ላይ ስለሚገኝ ኤም ቢሆንም አልጣላም።

ሽቦ_አልባ፦
«ከግቢ አይውጣ» የምትለውን ማን ይጠብቃል? 40 ሰልጣኝ፣ 40 ፍላሽ።

ተማሪ_64፦
ፒቲፒን ኮከብ ሳደርገው ኢ1000ኢም አይጂሲም ተቀበሉ። ከነጻ ምንጭ ዝርዝር ውስጥ ግን ሲዲሲ_ኢተር የሚባለው በ«/» አይገኝም።

ነጻ_ምንጭ፦
በሞጁሉ ስም አትፈልገው። በዩኤስቢ ኔትወርክ አስማሚዎች ሥር «የሲዲሲ ኢተርኔት ድጋፍ» ተብሎ ተጽፏል።